ግድግዳ የሚያንኳኩት አያ ጀምበሩ

አያ ጀምበሩ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ግድግዳ ያንኳኳሉ። ጠዋት ከቤታቸው ወጥተው ወደ ገበያ ሲወርዱ በመንገዳቸው ላይ የቆመ ግድግዳ ሁሉ፣ የጭቃም ይሁን የብሎኬት፣ የወዳጅም ይሁን የመንግሥት፣ የመሐል ጣታቸውን አንጓ ሳይቀምስ አያልፍም። ኳ፣ ኳ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ገፋ አድርገው ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ዐይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ። ለባለቤቱ «እንደምን አደራችሁ?» የሚሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሽተኛ እንዳይሰማ እንደሚጠነቀቅ ሐኪም። ጥፍራቸው ሥር ሁልጊዜ ትንሽ ጭቃ አለ። ከየት እንደመጣ ማንም ጠይቆ አያውቅም። የሰው ግድግዳ ሲነካኩ የሚውሉ ሰው ጭቃ ቢገኝባቸው ምን ይገርማል?

በየሰፈሩ አንድ አፍራሽ አለ። የሌለው ሰፈር ካለ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። ይህ ሰው ግንበኛ አይደለም፣ መሐንዲስም አይደለም። ግን ጣሪያዎ ማፍሰስ በጀመረ ማግስት፣ ማንም ሳይጠራው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግቢዎ ውስጥ ቆሞ ያገኙታል። ወደ ላይ ያያል። ወደ ታች ያያል። ከዚያ ከንፈሩን ይመጥጣል። እርስዎም ያን ጊዜ ቤትዎ እንዳበቃለት ያውቃሉ። የደጋው አፍራሽ ምን እንደሚል አላውቅም። የእኛው፣ የመተማ ዮሐንሱ፣ ግማሹን ቃል ከሀገር ቤት፣ ግማሹን ከድንበሩ ማዶ ወስዶ እንዲህ ይላል፦ «አፍርሱትና ኸላስ!»

ኸላስ ማለት በቃ፣ አለቀ ማለት ነው፤ እዚህ አፉን የፈታ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አያ ጀምበሩ ሲሉት ግን ከጉሮሯቸው ሥር ቆፍረው ስለሚያወጡት፣ ግድግዳው ራሱ ሰምቶ ትንሽ የሚያፈገፍግ ይመስለኛል። «ሊቀ አፍራሽያን» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሲሰሙት ደስ ብሏቸው «ካባ አለው?» ብለው ጠይቀውኛል።

የማሩን ወጥ ቤት ያስፈረሱት እሳቸው ናቸው። ማሩ በጉምሩኩ መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ ያበስላል። ወጥ ቤቱ ወደ አንድ ጎኑ ትንሽ ዘመም ብሎ ነበር እንጂ ሌላ ነውር አልነበረበትም። አያ ጀምበሩ አንኳኩ፣ አዳመጡ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ማሩ፣ ይኸ ወጥ ቤት ሞቷል። መቅበር ብቻ ነው የቀረህ።»

«እንዴ አያ! ትናንት እኮ በግ አብስዬበታለሁ!»

«በሬሳ ላይ ነዋ ያበሰልኸው። አፍርሰውና ኸላስ!»

ማሩ አፈረሰ። አፍርሶ ሳይጨርስ መንገድ ተዘጋ፣ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ክረምቱም ገባ። ድስቱን ተሸክሞ ራኩባ ሥር ገባ፤ ራኩባ የምንለው በማሽላ አገዳ የተከደነ ዳስ ነው። ክረምቱን ሙሉ ወጡን ሲያማስል አያ ጀምበሩን በስማቸው እየጠራ ያማስል ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ግን አንድ ነገር ሆነ። ዳሱ ሥር ነፋስ ይገባል፤ በዚህ ሀገር ሙቀት ደግሞ ነፋስ ያለበት ሽሮ ነፋስ ከሌለበት ጥብስ ይበልጣል። ሾፌሮቹ በቆርቆሮ የታፈኑትን ምግብ ቤቶች እየተዉ እሱ ዘንድ ከተቱ። ዛሬ ማሩን ወጥ ቤትህን መልሰህ ሥራ ቢሉት ይጣላዎታል። አያ ጀምበሩም በዚያ ባለፉ ቁጥር የዳሱን ምሰሶ ያንኳኩና «ምን ብዬህ ነበር?» ይላሉ። ምንም አላሉትም ነበር፤ አፍርሰው ብቻ ነው ያሉት።

ሙያቸው በግድግዳ ብቻ የተወሰነ እንዳይመስላችሁ። ጥርሱን ያመመው ሰው ካገኙ በጥፍራቸው ቀጭ ቀጭ ያደርጉና «ይነቀልና ኸላስ!» ይላሉ። የቆመ ትራክተር ካዩ ኮፈኑን መትተው «ለብረት ይሸጥና ኸላስ!» ይላሉ። አንድ ጊዜ የጻፍኩትን ግጥም አንብቤላቸው ነበር። ለሰው ማንበብ ስለማልደፍር ዐይኔን ከወረቀቱ አላነሣሁም። ስጨርስ ጠረጴዛውን አንኳኩ። «ሦስተኛው ስንኝ ባዶ ይጮኻል» አሉኝ። ቤቴ ሄጄ ብዙ ተናደድኩ። ከዚያ ሦስተኛውን ስንኝ አፈረስኩት።

ትዳር ብቻ አያፈርሱም። ባልና ሚስት ተጣልተው እሳቸው ለሽምግልና ሲቀመጡ፣ አንዱ ቀልደኛ «አያ፣ ኸላስ ይበሉታ!» ቢላቸው ፊታቸው ይለወጣል። «እኔ ግድግዳ ነው የማንኳኳው» ይላሉ።

እና ደግሞ የአብዱረሕማን መጋዘን አለች። አብዱረሕማን ሰሊጥ የሚያከማችባት፣ ዝናብ ሲመጣ እያፈሰሰች የምታሳፍር አሮጌ የጭቃ መጋዘን ናት። አያ ጀምበሩ አንድ ቀን አንኳኩ፣ ጆሯቸውን ለጠፉ። ውስጥ ጆንያ ሲደረድር የነበረው አብዱረሕማን ማን እንደሆነ ባያውቅም ለጨዋታ ያህል ከውስጥ ኳ አድርጎ መለሰላቸው። አያ ጀምበሩ እንደ ተጣበቁ ቀሩ። ሰው ሁሉ ፍርዱን ሲጠብቅ ባርኔጣቸውን አስተካክለው «ይችስ ትቆይ» ብለው ሄዱ። በመተማ ዮሐንስ ታሪክ የመጀመሪያው ምሕረት ነበር። ምክንያቱን የተረዳ አልነበረም። አብዱረሕማን ራሱ «ሻይ ስለማጠጣቸው ነው» ብሎ አስወራ።

ከሁሉ የሚያስቀው የራሳቸው ቤት ነው። በከተማው ውስጥ መፍረስ የሚገባው አንድ ቤት ካለ የሊቀ አፍራሽያን ቤት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ስመኝ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖሩበታል። የጭቃ ቤት ነው፤ ሦስቱ ግድግዳዎች ደኅና ናቸው፣ በመንገዱ በኩል ያለው ግን ወደ ውጭ አብጦ የደረሰች እርጉዝ መስሏል። «አያ፣ መቼ ነው የምትገላገለው?» ይሏቸዋል ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያልፉ። «አንተን የመሰለ እንዳይሆን ፈርታ ነው የቆየችው» ይላሉ እሳቸው፤ ወሬው ያልቃል። ያንን ግድግዳ ሲያንኳኩ ያየ ሰው የለም።

ወደ እኛ ቤት ጉዳይ ልግባ።

ቤታችንን የሠሩት አባቴ ባንተአምላክና እናቴ ውድነሽ ናቸው፤ ከደምቢያ ወርደው እዚህ ሰሊጥ ማረስ በጀመሩበት ዘመን። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ምስጥ ከታች እየበላ፣ ፀሐይ ከላይ እየሰነጠቀ ቤቱን አስረጅቶታል። በጓዳው በኩል ምርጊቱ ተራግፎ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ይታያል። ወንድሜ ምናለ ሽንፋ በኩል ያርሳል። ዘንድሮ ሰሊጡ ሰጠውና አንድ ማለዳ በትራክተሩ እየነዳ መጥቶ ግቢው መሐል ቆመ።

«እማዬ፣ እናፍርሰው። ብሎኬት ነው የምሠራልሽ፣ በሴራሚክ!»

«እንደ ወደዳችሁ ልጄ» አለች እናቴ።

«እስኪሠራ ድረስ ጎንደር እኅታችን ዘንድ ትቆያለሽ። ነፋሻ አየር ነው፣ ታርፊያለሽ።»

«እንደ ወደዳችሁ።»

እናቴን የሚያውቅ ሰው ይህ ቃል እሽታ እንዳልሆነ ያውቃል። ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚህ ሌላ ቃል ስትናገር አልሰማናትማ። እኔን ያስፈራኝ ብሎኬቱ አልነበረም። «እስኪሠራ ድረስ» የምትለዋ ነበረች። «እስኪሠራ ድረስ» ተብለው ደጋ የወጡ የሰፈራችን እናቶች አሉ፤ ቤቱ አልቆ ፎቷቸው ነው ሳሎኑ ላይ የተሰቀለው። ይህን ለምናለ ለመንገር ብዙ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። የእኔ ድምፅ ግን ከትራክተር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ያወጣሁት «ብናድሰውስ?» የሚል ብቻ ነበር።

ምናለ ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። «መልካም፤ እኛ ከምንጨቃጨቅ ሽማግሌ ይፍረድ። አያ ጀምበሩ ይምጡ። ያሉትን እንቀበላለን።»

ዳኛውን ሲመርጥ ፍርዱን አብሮ መምረጡ ነበር። ይህንንም ስለሚያውቅ ዲጂኖውን አስቀድሞ ከትራክተሩ አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

በቅዳሜው ሰፈሩ ሁሉ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የእኛ ሰው ግንባታ ለማየት አይወጣም፤ ሲፈርስ ለማየት ግን ሥራውን ትቶ ይመጣል። እናቴ ለእንግዳው ሁሉ ዚር ከምንለው የሸክላ ጋን በተቀዳ ውኃ የቀዘቀዘ ከርከዴ አደለች። ከዚያ «እኔ ልብሴን ልሰብስብ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ድምጿ ውስጥ ደስታም ቅሬታም አልነበረም።

ክቡርነታቸው ገቡ። የታጠበ ባርኔጣ አድርገዋል። የፊት ለፊቱን ግድግዳ አንኳኩ፣ አዳመጡ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ሰማችሁ? መጠጡት!» አለ ማሩ፤ ወጡን በእሳት ላይ ትቶ ነው የመጣው።

ወደ ማዕዘኑ ምሰሶ ሄዱና በጣታቸው ቢወጉት ጣታቸው ገባ። «ኧረ ይኸስ ብስኩት ሆኗል!» አሉ።

«እንግዲህ አያ፣ ይበሉታ!» አለ ምናለ። እጁ ዲጂኖው ላይ ነበር።

«ቆይ አንተ! በሽተኛ ተገላብጦ ሳይታይ አይፈረድበትም።»

ወደ ጓዳው ጎን፣ ወደ እናቴ መኝታ ግድግዳ ዞሩ። ምርጊቱ የተራገፈበት እሱ ነው። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ኳ፣ አሉ። ጆሯቸውን ለጠፉ። ከንፈራቸውን ሊመጥጡ ሰበሰቡት።

ከውስጥ፦ ኳ፣ ኳ።

አያ ጀምበሩ ከግድግዳው ብድግ አሉ። ባርኔጣቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። ትንሽ ዝቅ ብለው እንደገና አንኳኩ። ከውስጥ እንደገና ኳ፣ ኳ። ወደ ማዕዘኑ ሄደው አንኳኩ። አሁን የመለሰው አንድ ነበር። ኳ። ከዚያ ወዲያ ለእኛ ደንታ አልነበራቸውም። ከግድግዳው አንደኛው ጫፍ ተነሥተው ወደ ሌላው ያንኳኳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ከውስጥ ይመለስላቸዋል፤ ሁለት በተመለሰበት ቦታ ሁሉ በጥፍራቸው መስቀል ይጭራሉ። ኒሙ ሥር የነበረው ሰው ከርከዴውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ማነው ውስጥ?» አለ አብዱረሕማን በሹክሹክታ።

«እማዬ ናት» አልኩ።

አያ ጀምበሩ ጨርሰው ዞሩ። ግንባራቸው ላይ ጭቃ ነበር።

«ምናለ፣ ስማኝ። እኛ እዚህ ቆላ ስንወርድ ቤት የምንሠራው ለሁለት ነበር። ወንዱ ከውጭ ይመርጋል፣ ሴቷ ከውስጥ ትለስናለች። መሐል ግድግዳ ስላለ አይተያዩም። ወንዱ ያንኳኳል። አንድ ከመለሰች ሞልቷል፣ እለፍ ነው። ሁለት ከመለሰች እዚህ ጋ ሳስቷል፣ ጭቃ ጨምር ነው። አባትህም እንዲህ ነው ይኸን የሠራው።» ወደ መስቀሎቹ አመለከቱ። «ፍርዱን ከእኔ አትጠብቅ። እናትህ ተናግራለች። አፍርሱ አላለችም፤ ጭቃ ጨምሩ ነው ያለችው።»

«አያ፣ እርስዎ እኮ… እርስዎ አፍራሽ ነዎት!» አለ ምናለ፤ ክህደት እንደተፈጸመበት ሰው።

«የማይመልስ ቤት ነው የማፈርሰው።»

ምናለ ወደ በሩ ዞረ። እናቴ ነጠላዋን በልብስ ሞልታ ደፉ ላይ ቆማ ነበር።

«እማዬ፣ እውነታቸውን ነው?»

«እንደ ወደዳችሁ» አለች እናቴ። እኛም ይኸው ደግሞ ብለን አንገታችንን ደፋን። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር። «እኔ የወደድኩትንማ ነግሬያቸዋለሁ።»

ኒሙ ሥር እልልታው ቀለጠ። ማሩ ዲጂኖውን ከምናለ እጅ ወስዶ ወደ አጥሩ ወረወረው። ልብሱ ከነጠላው ውስጥ ወጥቶ ወደ ሣጥኑ ሲመለስ ያየሁት ደስታ፣ ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ካየሁት ይበልጥ ነበር።

ምናለ የተሸነፈው ለዚያ ከሰዓት ብቻ ነው። በማግስቱ እድሳቱ ከመጀመሪያው የእሱ ሐሳብ የነበረ ይመስል ደቦውን ማዘዝ ጀመረ። ጭቃው ውስጥ ጭድ መግባት አለበት፤ እሱ ደግሞ «ለምን ከደጋ እናስመጣለን?» ብሎ ከእርሻው የተወቃ የሰሊጥ አገዳ በተሳቢ ጭኖ መጣ። የቆላ ልጅ ካልሆነ በቀር ይህን የሚሳሳት የለም፤ የተረፈው ሁሉ ሰሊጥ ነውና ለሁሉ ነገር ሰሊጥ የሚሆን ይመስለናል። የመጀመሪያው ምርጊት ግድግዳው ላይ ለአፍታ ተቀመጠና በክብር ተንሸራቶ ምናለ ጫማ ላይ አረፈ።

«አንተ፣ ግድግዳውን ዘይት ልታደርገው ነው?» አሉ አያ ጀምበሩ።

የጤፍ ጭድ በአይሱዙ ከደጋ ወረደ። ጭቃው ተረገጠ፣ ከረመ፣ ደግሞ ተረገጠ። ጣሪያው በድጋፍ ቆሞ ምስጥ የበላቸው ምሰሶዎች አንድ በአንድ እየወጡ ተተኩ። የምሰሶዎቹን እግር በተቃጠለ የትራክተር ዘይት ነከርናቸው፤ ምስጥ ሽታውን አይደፍርም። ዘይቱ የምናለ ስለነበረ በዚህ በጣም ኮራ።

የምርጊቱ ቀን ግን ሌላ ነበር። ምናለ ከውጭ፣ እናቴ ከውስጥ ቆሙ። እኔም ከእሷ ጎን እለስን ነበር። ከውጭ ኳ ይላል ምናለ። እናቴ በመዳፏ ትዳብሳለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ትመልሳለች። አንድ። ሁለት። ሁለት። እሱም «እሽ!» ይላል ከማዶ፣ ጭቃው ጧ ሲል ይሰማናል። ወንድሜ እናቱን ሳይጠይቅ ነበር ቤት ሊሠራላት የተነሣው። ያን ቀን ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠየቃት፤ በጠየቃት ቁጥርም መልሷን ቆሞ ጠበቀ። አንድ ቦታ ላይ እናቴ ሞልቶ ሳለ ሁለት መታች። አየኋት። «ዝም በይ፣ ይልመድ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ዝናብ በጥዋት መጣ፤ የመተማ ዝናብ፣ ሰማዩ ከነመሠረቱ የሚፈርስበት። ዋልካው አፈር አበጠ፣ መንገዱ ወንዝ ሆነ። የእኛ ቤት ጠብታ ሳያስገባ ቆመ። ሲያባራ ሰፈሩ ሁሉ ጭቃውን እየረገጠ ሊያይ መጣ። አያ ጀምበሩ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ገቡ፣ አራቱን ግድግዳ ዞረው አንኳኩ፣ በመጨረሻም «ተማም!» አሉ፤ ደኅና ነው፣ ምንም አይወጣለትም ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነበር። ምናለ ራሱን ሊቀ ካህናት እንደባረከው ሰው ዝቅ አደረገ።

ከዚያ ቀጥለው የጎረቤታችንን የዶሮ ቤት አንኳኩና «አፍርሱትና ኸላስ!» አሉ። ተለወጡ ብሎ የፈራ ካለ ይጽናና።

በማግስቱ ማለዳ እናቴ «ለአያ ጀምበሩ አድርሺ» ብላ አዲስ የተጨመቀ የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ ሰጠችኝ። ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር። ቤታቸው ስደርስ እሳቸው በመንገዱ በኩል፣ ያ ያበጠው ግድግዳ ፊት ቆመዋል። እንዳላስደነግጣቸው ቆም አልኩ።

አንኳኩ። ጆሯቸውን ለጠፉ። በሌላው ሰው ግድግዳ ላይ ከሚቆዩት ይልቅ ብዙ ቆዩ። ከውስጥ የመለሰ የለም። እሳቸው ግን ሁለት ሰምተዋል።

«እሽ ስመኝ፣ እሽ» አሉ። ጎንበስ ብለው ከተሸረፈች ገበቴ አንድ እፍኝ ጭቃ ዘገኑ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፉት፣ በመዳፋቸው ቀስ አድርገው አለሰለሱት። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ ከጥፍራቸው ሥር ያለው ግን አልወጣም። ሲዞሩ አዩኝ።

ጠርሙሱን ሰጠኋቸው። የምናገረው ስላጣሁ፣ ስለ እሳቸው ልጽፍ እንዳሰብኩ ነገርኳቸው።

«ጻፊ» አሉ። «ማሩን ጻፊው፣ ጥርሱንም ጻፊ። ሊቀ አፍራሽያን የምትለዋን በትልቁ ጻፊያት።» ባርኔጣቸውን አጠለቁ፣ ያበጠውን ግድግዳ ገላመጡ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይችን የማለዳዋን እፍኝ ጭቃ ግን ተያት፣ ልጄ። ሰው ይኸን ካወቀ፣ ከእንግዲህ አፍርስ ብለው ማን ይሰማኛል?»